አሎሎና መቀነት፦ ልጄን ይዤ ደሴ የሄድኩበት መንገድ

በዚያ ማለዳ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ በተነሣው መኪና ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አሎሎ ወርዋሪዋ ልጄ ሰብለ፣ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የምትማረው ሯጯ ትዕግሥት፣ የስፖርት መምህራቸው ዓይናለም፣ ሾፌሩ፣ አፉ የማያርፈው ረዳቱ፣ ለሕክምና የሚሄዱ አንድ ቄስና ባለቤታቸው፣ ሁለት የበግ ነጋዴዎች፣ ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው ሌሎች መንገደኞች፣ መጨረሻ ላይ እኔ አለሚቱ። ዘሐራ ገና አልተሳፈረችም፤ እሷ አቀስታ ላይ ነው የገባችው። አስቀድሜ የጠራኋት ስሟ በልባችሁ እንዲያዝ ብዬ ነው።

ጉዞው ለውድድር ነበር። ከየወረዳው የመጡ ተማሪዎች ደሴ ላይ ይወዳደራሉ፤ የተመረጡት እዚያው ቀርተው እየተማሩ ይሠለጥናሉ ተባለ። እኔ የሄድኩት ግን ላጨበጭብ አልነበረም። አሎሎ መወርወር የሴት ልጅን ሰውነት ይጎዳ እንደሆነ በዓይኔ ለማየት ነው። ለባለቤቴም ለመምህርቷም "ልቤ ካላመነ ይዣት እመለሳለሁ" ብዬ ነው የወጣሁት። ሰብለም ይህን ሰምታለች፤ መንገዱን ሁሉ በጎን ታየኝ ነበር።

ፍርሃቴ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ታላቅ እህቴ አራስነቷን ሳትጨርስ ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ዳገት ወጣች፤ ማህፀኗ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቤት እንኳ ብዙ አትቀመጥም፤ ሰው ሲበዛ ሹልክ ብላ ትወጣለች። እኛ አገር ሴት ከባድ ነገር ስታነሣ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። እናቴም ለእኔ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከስንቁ ጋር፣ ከበሶውና ከዳቦ ቆሎው ሥር፣ ረጅሙን መቀነቴን ጠቅልዬ ያዝኩ። ለሰብለ አልነገርኳትም።

ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ

ሳምንቱ መንገዱ ሰላም ነው የተባለበት ስለነበር መኪናው ሞልቷል። ረዳቱ ዕቃ ሲደረድር የሰብለን ከረጢት ሊያነሣ ሞከረና እጁ ወረደ።

"እናት፣ ይሄ ምንድን ነው? ወፍጮ ነቅላችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?"

"አሎሎ ነው። የልጄ ነው።"

"ሴት ልጅ ደግሞ በአሎሎ ማንን ልትመታ ነው?"

"መልስ የሚያስቀር ረዳትን" አለች ሰብለ፣ ዞራ ሳታየው። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዘው።

የበልግ ገብስ ገና ከመሬት ብቅ ማለቱ ነበር። ከከተማው ወጣ ስንል ገደሉ አፍ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ተቀምጦ አየን። ቄሱ የሰብለን ክንድ አይተው ኖሮ፣ "ይሄን ጉልበት ከየት አመጣችው?" ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ዘንድ ስታድግ ጭላዳውን ከገብስ ላይ በወንጭፍ የምታባርረው እሷ እንደነበረች ነገርኳቸው።

"እንግዲያው የወንጭፍ ክንድ ነዋ" አለ አንደኛው በግ ነጋዴ።

"ወንጭፍማ ሁላችንም ወንጭፈናል፤ ክንዳችን የታለ?" አለው ጓደኛው።

እኔም ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰብለ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሯጭ ነበረች። ትምህርት ቤቱን ሁሉ ትቀድም ነበር። ከዚያ በአንድ ክረምት ሰውነቷ ተለወጠ፤ ቁመቷ ተመዘዘ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ ሰፋ፣ ጡቷ ወጣ። ስትሮጥ ከኋላዋ የነበረችው ትንሿ ትዕግሥት አለፈቻት። አንድ ቀን ጫማዋን አውልቃ አልጋ ሥር ወረወረችውና ሩጫ ቀረ። አሎሎ የጀመረችው በዓመቱ ነው፤ ማንም ሳይጠራት፣ ራሷ ሄዳ።

መምህርት ዓይናለምን ጠየቅኋት። "ሰውነቷ ነው የመረጠላት?"

"ትዕግሥትን እዩዋት" አለችኝ። "አጥንቷ ቀጭን ነው፤ ዳገት ስትወጣ የምትሸከመው ትንሽ ነው። ሰብለ ክንዷ ረጅም፣ ሥጋዋ ብርቱ ነው። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ሩጫው ይጨምራል። ሴት ልጅ ስታድግ ግን ሰውነቷ ለሌላ ነገርም ይዘጋጃል፤ አንዳንዷ ለጊዜው ትዘገያለች። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ስፖርት አልሆነልኝም ብለው ይተዋሉ። ሌላ ዓይነት ስፖርት እንዳለ የሚነግራቸው የለም።"

"እግዜር ሲፈጥር ሯጭና ወርዋሪ ብሎ ለይቶ ነዋ" አሉ ቄሱ።

"ግማሹን እሱ ነው አባ። ግማሹን እሷን ይጠይቋት።"

ሰብለ ግን በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፤ አልመለሰችም።

አቀስታ

አቀስታ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ጾም ስለነበረ ቅቅል ድንች በአዋዜ በላን፤ ሦስት ድንች ሃያ ብር። ትዕግሥት ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብላ መኪና ውስጥ ቀረች።

ከዚያ ዘሐራ ገባች። ረጅም፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ናት። "አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት ዋላችሁ ጀማዓው" ብላ ሰብለ አጠገብ ተቀመጠች። ከአረብ አገር ከተመለሰች ጥቂት ወራት መሆኑን፣ አቀስታ ያለችውን አክስቷን ጠይቃ ወደ ቤቷ ወደ ኩታበር እንደምትመለስ ነገረችን።

ትንሽ እንደሄድን ሰብለን አተኩራ አየቻት። "አንቺ ልጅ፣ ይበርድሻል?"

"አይ።"

"ታዲያ ለምን ትጎብጫለሽ? እኔም እንዲህ እጎብጥ ነበር።" ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ሰማሁ። "ኩታበር ስማር ሯጭ ነበርኩ። ጡቴ ሲወጣ ሁለት ሸሚዝ ደርቤ እሮጥ ነበር። ወንዶቹ ከንፈራቸውን እየነከሱ ሲስቁ ተውኩት። ያቆመኝ እግሬ አይደለም፤ ወላሂ፣ እግሬ ዛሬም አልደከመም።"

ከሻንጣዋ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሰፊና ጠበቅ ያለ፣ ለስፖርት የተሠራ ጡት ማስያዣ ነው። አረብ አገር የሠራችበት ቤት ልጅ፣ ዘሐራ ወደ አገሯ ስትመለስ የሰጠቻት ነው።

"ውሰጂው። እዚያ ሴቶቹ ይሄን ለብሰው ነው የሚዘሉት፤ ምንም አይነቃነቅም።"

እኔ ፈራሁ። ከማይታወቅ ሰው የተሰጠ ልብስ፣ ያውም እንዲህ ያለ። "ልጄ፣ ላንቺ አያስፈልግሽም?" አልኳት።

"እዚያ ሩጫዬ ደረጃ መውጣትና መውረድ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የት እሮጣለሁ? አብሽሩ እትዬ፣ ታጥቧል።"

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ገደሉ ማየት ጀመሩ። ሰብለ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅኩ። ተቀበለች።

ጉጉፍቱ

ብርዳሙ የጉጉፍቱ ተራራ ጉም ውስጥ ነበር። መኪናው መብራት አብርቶ እንኳ ከፊታችን የሚሄደው አህያ የሚታየው ስንደርስበት ነው። ትዕግሥት ተንቀጠቀጠች፤ ከንፈሯ ነጣ። በሶ በጥብጬ ብሰጣት እምቢ አለች።

ቄሱ ዞሩና፣ "መንገደኛ ነሽ ልጄ፤ ጠጪ። በእኔ ይሁን" አሏት። ያኔ ጠጣች።

መምህርት ዓይናለም በጆሮዬ፣ "ወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። ሳትበላ ስለምትሮጥ ነው። ሰውነት ሲቸግረው መጀመሪያ የሚያስቀረው እሱን ነው፤ ቆይቶ ደግሞ አጥንቷን ይጎዳዋል" አለችኝ። እኔ የፈራሁት ለብረት ወርዋሪዋ ነበር። ቀላል ስፖርት ያልኩት የትዕግሥት ሩጫ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር።

ደሴ ስንደርስ ዘሐራ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። "ስልኬ እየሠራ አይደለም። ውጤቱን ልታሰሙኝ ከፈለጋችሁ ኩታበር ኑ፤ ገበያው ጀርባ የከድጃ ቤት በሉ" አለችን። ከመሄዷ በፊት የሰብለን ትከሻ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገቻት።

ደሴ

ያደርነው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ተነጥፎልን ነው። ሲነጋ የዘሐራን ጡት ማስያዣ የለበሰችውን ሰብለን ወደ ጥግ ጠርቼ መቀነቱን አወጣሁ።

"እማዬ፣ ይሄ አይሆንም።"

"ከማልያው በታች ነው፤ ማንም አያየውም።"

"ስወረውር እንዴት ብዬ እዞራለሁ?"

"አክስትሽን አይተሻል አይደል?"

እጇን ሰቅላ ቆመችልኝ። ከዳሌዋ እስከ ጡቷ ሥር ድረስ እየዞርኩ ጠመጠምኩት፤ በጉልበቴ ደግፌ አጠበቅሁት። ልጄን የጠበቅኋት መሰለኝ።

ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ሩጫውን ነው። አሎሎ ወርዋሪዎቹ ዳር ላይ ናቸው። እኔ እነሱን አንድ በአንድ አየኋቸው። አጭርና ደንደን ያለች አለች፤ እንደ ሰብለ ረጅም አለች። ከቃሉ ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ፀጉሯንና ክንዷን ሸፍና፣ በረጅም ሱሪ ትወረውራለች። ለምን አሎሎ እንደመረጠች ብጠይቃት፣ "ስሮጥ ልብሴ ይይዘኛል እትዬ። ብረቱ ግን ምን ለበስሽ አይለኝም" አለችኝ።

ለእያንዳንዷ ሦስት ሙከራ ነው። ሰብለ መጀመሪያ ስትወረውር አሎሎው ቅርብ ወደቀ። ቤታችን ጓሮ ከምትወረውረው እንኳ ያነሰ ነበር። ሁለተኛው ላይ መዞር አቅቷት ተንገዳግዳ ከክቡ ወጣች፤ አልተቆጠረላትም። ፊቷ ቀልቷል፤ ትንፋሿ ከላይ ከላይ ነው። መምህርት ዓይናለም ጥፍሯን ትበላለች። እኔም በልቤ፣ "ይኸው፣ አልተፈጠረችለትም" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀለል አለኝ።

ደሴ የሚቀሩትን ወርዋሪዎች የምታሠለጥነው አሠልጣኝ መጣች። ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ግዙፍ ሴት ናት። ሰብለን ጎኗን ነካ አደረገቻትና እጇ እዚያው ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መቀነት" አለች ሰብለ።

"ማን ነው ያሰረሽ?"

ሰብለ ወደ እኔ አየች። እኔም ከእናቶች መቆሚያ ገመዱን አልፌ ገባሁ። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ለምን እናቴ?"

"ማህፀኗ እንዳይወርድ።"

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። "ማን ወርዶባት አዩ?" አለችኝ። የእህቴን ነገር በአጭሩ ነገርኳት። እያዳመጠችኝ ከመሬት የውሃ ፕላስቲክ አነሣች፤ መካከሉን በእጇ ጨመቀችው። ውሃው ወደ ላይ ወጣ፤ ታቹም ተወጠረ።

"መካከሉን ሲያጠብቁት የውስጡ የት ይሄዳል?" አለች። "ወደ ላይና ወደ ታች። የፈሩት ወደ ታች የሚሄደውን ነው አይደል? እህትዎን የጎዳት ሥጋዋ ከወሊድ ሳይጠና መሸከሟ ነው። ሰብለ አልወለደችም፤ ሥጋዋ ጽኑ ነው። ቀስ በቀስ እየተለማመደች፣ በትክክል እየተነፈሰች ካነሣች ከታች ያለውም አብሮ ይጠነክራል። እኔ ሁለት ወልጃለሁ። ከወለድኩ በኋላ ቆይቼ፣ ጠንቼ ነው ወደ ውርወራ የተመለስኩት። የሚከብድ፣ የሚጎትት ነገር ከተሰማት ደግሞ ትነግረኛለች፤ አስቆማታለሁ።"

ከዚያ ዝቅ ብላ፣ "የእህትዎም ሕክምና አለው። ለምን ደሴ አያመጧትም?" አለችኝ።

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኛ እንደ ዕጣ ፈንታ ነበር የተቀበልነው።

ዳኛው ሰዓት አለቀ እያለ ነው። መቀነቱ ረጅም ስለሆነ እኔ ጫፉን ይዤ ቆምኩ፣ ሰብለ ዞረች። ዞረች፣ ዞረች፤ አያልቅም። ወርዋሪዎቹ ሳቁ።

"ምነው፣ ተጠቅልለሽ ነው እንዴ የተላክሽው?" አለቻት አጭሯ።

"እንዳልሰበር ብለው ነው" አለች ሰብለ እየዞረች።

መቀነቱ ሲያልቅ ሆዷን ይዛ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ክቡ ውስጥ ገባች። ያኔ ነው ያየኋት፤ አልጎበጠችም። ትከሻዋ ዘሐራ በያዘችው መልክ ቀና ብሏል። ተንደርድራ ዞረች፤ ከደረቷ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። አሎሎው ሄዶ፣ ሌሎቹ የወደቁበትን ሁሉ አልፎ፣ ከቃሉዋ ልጅ ምልክት ጥቂት ወረድ ብሎ መሬቱን ቆፈረው።

ሁለተኛ ሆነች። አሠልጣኟ ሰብለንም የቃሉዋን ልጅም እፈልጋለሁ አለች። ትዕግሥት በሩጫው አራተኛ ወጣች። "እሷ መጀመሪያ ትብላ፤ ወር አበባዋ ሲመለስ አምጪልኝ" አለቻት አሠልጣኟ፣ ነገሩን የነገረቻትን መምህርት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ይፈቅዳሉ?"

ሰብለን ይዤ ወደ ዳር ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ያልመለሰችውን ጠየቅኋት። "ለምንድን ነው አሎሎ የመረጥሽው? ክንድሽ ስለረዘመ ነው?"

መቀነቱን እየጠቀለለች ነበር። "ስሮጥ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው እማዬ። ደረቴን፣ ዳሌዬን። ስወረውር ግን ብረቱ ከእጄ ሲወጣ ሁሉም ዓይናቸውን ይዘው አብረውት ይሄዳሉ። እኔ ብቻዬን እቀራለሁ።"

መቀነቱን ተቀበልኳትና ወደ አሠልጣኟ ሄድኩ። "ከታመመች ለእኔ እንድትደውይልኝ ብቻ" አልኳት።

ኩታበር

ሰብለ ሥልጠናው ቦታ እስክትለምድ እኔ ከተማ ያለች ዘመዴ ዘንድ ሰነበትኩ። ስለያት፣ "ለዘሐራ ንገሪልኝ" አለችኝ። በገበያ ቀን የኩታበር ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ይጠማዘዛል፤ ውስጡ ዶሮና ሽንኩርት የያዙ ሴቶች ሞልተዋል።

የከድጃን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም። የዘሐራ እናት በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ ልጄ በልጅዎ ልብስ ሁለተኛ ወጣች አልኳቸው። ሰፌዱን አስቀመጡ።

"ያችን ልብስ ሰጠቻት? ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበርኮ።"

"የታለች ታዲያ?"

"ሄደች እናቴ። ከአቀስታ በመጣች በማግሥቱ። በባሕር፣ በየመን በኩል ነው አሉ። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ጎረቤት ነው የነገረኝ።"

አክስቷ ዘንድ የሄደችው ልትሰናበት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ልብሱንም የሰጠችው ስለማያስፈልጋት አልነበረም። ከእሳቸው ጋር ምስሩን እየለቀምኩ ቆየሁ። ሚኒባሱ ሊሄድ ሲል እጄን ያዙና፣ "ልጅሽ ስትወረውር ደስ ይላት ነበር? እንዲያው ፊቷ እንዴት ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። የነገርኳቸውን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

መልስ

ወደ መካነ ሰላም ስመለስ መቀነቱን እኔው ታጥቄዋለሁ፤ ላላ አድርጌ። ረዳቱ ያው ነበር። "ወፍጮዋስ?" አለኝ። "ደሴ ቀረች" ስለው ራሱን ነቀነቀና የፊተኛውን ወንበር ሰጠኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከኋላዬ ሰብለን ፈለገ። "ልብሽ አመነ ማለት ነው?" አለ። አዎ አልኩት። ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ይህን ነው፦ የሴት ልጅ ሰውነት ሲለወጥ ከአንዱ ሜዳ ሊያስወጣት፣ ወደ ሌላው ሊያስገባት ይችላል። እኛ እናቶች ደግሞ ፍርሃታችንን ብቻ ይዘን ወገቧን ከማሰራችን በፊት፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። የምትመርጥበትን ምክንያት ግን ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

በማግሥቱ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሕክምና አለው ስላት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ከነጠላው ውስጥ፣ "መኪናው ጠዋት ነው የሚነሣው?" አለችኝ።

ይህን የጻፍኩት መምህርት ዓይናለም ለወላጆች እንዲነበብ ጻፊው ስላለችኝ ነው። የጻፍኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከእናንተ መካከል አረብ አገር ልጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ስትደውሉ ጠይቁልኝ። ዘሐራ ትባላለች፣ የኩታበሯ የከድጃ ልጅ። ረጅም ናት፤ ቀና ብላ ትሄዳለች፣ ስትራመድ ፈጣን ናት። ያያት ወይም የሰማ ሰው ካለ፣ የት እንዳለችና ደኅና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።